ሁለተኛው ሕግ

ጋሼ ገበጣውን ከግድግዳው ላይ አወረዱት።

ማንንም አላስፈቀዱም። ቡና እየተቆላ ነበር፤ እህቴ ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን እንዳያስጮኸው መስኮት ልትከፍት ተነሥታለች። እሳቸው ከሶፋው ብድግ አሉና ከቴሌቪዥኑ አናት፣ በስፌቱና በአክሱም ሐውልት ሥዕል መካከል የተሰቀለውን የእንጨት ገበጣ ከምስማሩ አላቀቁት። ጉልበታቸው ላይ አጋድመውም አቧራውን በመሀረብ ይጠርጉ ጀመር፤ አንዱን ጉድጓድ ጨርሰው ወደ ቀጣዩ፣ አሥራ ሁለቱንም።

“ይኼን ማነው የሰቀለው?”

“እኔ ነኝ ጋሼ። ለጌጥ ብዬ ነው” አለች እህቴ።

“ገበጣ ይሰቀላል እንዴ? ጠጠሩስ የት አለ?”

ጠጠር አልነበረውም። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ከአንዱ ተገዝቶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ በሻንጣ ሲመጣ፣ ስለ ጠጠሩ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሻጩም አልሰጠ፣ ገዢዋም አልጠየቀች።

ቤቱ ያለው ግሪንቤልት ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የሜትሮው አረንጓዴ መስመር የሚያበቃበት የሜሪላንድ ከተማ። እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም እንደ አሌክሳንድሪያ ወገን የበዛበት አይደለም። እንጀራ ለመግዛትም ሆነ ለቅሶ ለመድረስ የምንነዳው ወደዚያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ዘመድ ወደ እህቴ ቤት ይሰበሰባል። ሰዎቹ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ ስለሆኑ ስማቸውን አልጽፍም።

ያን ቅዳሜ በአንድ ሳሎን ሦስት ጨዋታ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ዳግማዊ ምኒልክን ሆኖ ኮረብታ ላይ ከተማ ይቆረቁራል። ታናሽ እህቱ ምንጣፉ ላይ ሞኖፖሊ ዘርግታ ከጎረቤት ልጅ ኪራይ ትሰበስባለች። ጋሼ ደግሞ ጠጠር የሌለው ገበጣ ታቅፈዋል።

እኔ ጨዋታ ወዳጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ ቆርኪ ለቅሜ፣ የአንዱን ወገን ገልብጬ፣ የሌላውን አቅንቼ፣ ካርቶን ላይ ዳማ ተጫውቻለሁ። ጆተኒ ላይ ቀኑ መሽቶብኛል፤ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ተራ ጠብቄአለሁ። ዛሬ አርባ ዓመት አልፎኝም ሥራ ውዬ ስገባ የምናፍቀው ጨዋታ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት የያዝኩት አንድ እምነት አለ፦ የጨዋታ ነፍሱ ሕጉ ነው። ሰሌዳው ቢያምር፣ ምስሉ ቢያበራ፣ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ የቀረው ዕቃ ብቻ ነው። ሕጉ ካለ ግን መሬት ላይ አሥራ ሁለት ጉድጓድ መጫር ይበቃል።

ሦስቱን ጨዋታዎች በዚህ ዓይን ስመለከታቸው አንድ ታሪክ ሆኑብኝ። የሚገርመው፣ ሁለቱ የተወለዱት በመኪና ከግሪንቤልት ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ መሆኑ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምኒልክ በሜሪላንድ

የእህቴ ልጅ የሚጫወተው ሲቪላይዜሽን 6 ነው። አንድ ሕዝብ ትመርጣለህ፤ ከአንዲት መንደር ተነሥተህ በሺህ ዓመታት ውስጥ ከተማ፣ ሠራዊት፣ ሃይማኖትና ሳይንስ ትገነባለህ። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2020 በምኒልክ መሪነት ገባች። ሌላ አገር መርጠህ ስትጫወት ጎረቤትህ ምኒልክ ከሆኑ ፊትህ ቆመው በአማርኛ ያነጋግሩሃል። ልጁ አማርኛ ስናናግረው በእንግሊዝኛ የሚመልስ ነው፤ ንጉሡ ሲናገሩ ግን ድምፁን ይጨምረዋል።

ጨዋታው የተሠራው በዚሁ በሜሪላንድ ነው። ሲድ ሜየርና ቢል ስቴሊ ማይክሮፕሮዝ የተባለውን ኩባንያ በ1982 ከባልቲሞር በስተሰሜን፣ ሀንት ቫሊ አካባቢ መሠረቱ። ሜየር ከብሩስ ሼሊ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ሲቪላይዜሽን በ1991 አወጣ። በ1996 ሜየርና ባልደረቦቹ ፊራክሲስን አቋቋሙ፤ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ያሉትን እየሠራ ያለው እሱ ነው።

ሼሊ ከዚያ በፊት የሠራው አቫሎን ሂል ለተባለ የባልቲሞር አሳታሚ ነበር። የአቫሎን ሂል መሥራች ቻርልስ ሮበርትስ በ1954 “ታክቲክስ” የተባለውን የካርቶን የጦርነት ጨዋታ ለገበያ አቀረበ፤ የዛሬው የጦር ስልት ጨዋታ ኢንዱስትሪ ከዚያ ይቆጠራል። ይኸው ኩባንያ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ትሬሻም የፈጠረውንና ሲቪላይዜሽን የሚል ስም የነበረውን የሰሌዳ ጨዋታ በ1981 አሜሪካ ውስጥ አሳትሟል። ስለዚህ የቪዲዮ ጌም ወዳጆችና የሰሌዳ ጨዋታ ወዳጆች “የኛ ይበልጣል” እያሉ ሲሟገቱ እኔ ከማንም ጋር አልወግንም። አንዱ የሌላው ልጅ ነው። ስክሪኑ ያደረገው ነገር ቢኖር ሒሳቡን ከእጃችን መቀበል ነው።

ኢትዮጵያ ወደ ሲቪላይዜሽን ስትገባ የ2020ው የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ2007 በአራተኛው ክፍል ተጨማሪ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጡ፤ በ2012 በአምስተኛው ተጨማሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እሳቸውም አማርኛ ተናጋሪ። የእህቴ ልጅ የምኒልክን ይወዳል፤ ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ሠራዊታቸው ብርታት ይጨመርለታል፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም መሥራት ይችላሉ። እኔ ግን የአምስተኛውን አስበልጣለሁ። በዚያኛው ኢትዮጵያ የተሰጣት ልዩ ችሎታ “የአድዋ መንፈስ” ይባላል፦ ከእሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው መንግሥት ጋር ስትዋጋ የሠራዊቷ ኃይል በ20 በመቶ ያድጋል።

ይቺን ሕግ አስቡት። ስለ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት አንድ ገጽ አታስነብብም፤ ሥዕል አታሳይም፤ ንግግር አታሰማም። ነገር ግን በሌላ አህጉር ያለ፣ አድዋን በካርታ የማያውቅ ልጅ ኢትዮጵያን መርጦ ከግዙፍ ጎረቤት ጋር ሲጋጠም “ትልቅ ስለሆነ ብቻ አያሸንፈኝም” የሚለውን በእጁ ይማረዋል። መጽሐፍ ይነግርሃል፣ ፊልም ያሳይሃል፣ ጨዋታ ግን ያደርግሃል። የሚያደርግህ ደግሞ በሕጉ ነው።

የብሬንትዉዷ ሴት

ምንጣፉ ላይ የጎረቤት ልጅ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የቀረው አንዲት አምስት መቶ ዶላር ናት፤ መንገዱን ሁሉ የእህቴ ሴት ልጅ ሆቴሎች ዘግተውታል።

ስለ ሞኖፖሊ ያለኝን አስተያየት አልደብቅም፦ ክፉ ጨዋታ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ማን እንደሚያሸንፍ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ተሸናፊውን ቀስ እያሉ መግፈፍ ነው። ቀድሞ የወደቀ ልጅ ወንድሞቹ ሲጫወቱ ቁጭ ብሎ ያያል። ጥሩ ጨዋታ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ከማዕዱ ሳያስነሣ ያቆያል። ዳይሱም ከአእምሮ ይልቅ ዕድልን ያነግሣል። ሆኖም የት እንደተወለደና ምን እንደተወሰደበት ካወቅሁ ወዲህ ልጠላው አልቻልኩም።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1904 የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ቁጥር 748,626 የሆነ ፓተንት ሰጠ። ተቀባይዋ ሊዚ ማጊ ናት፤ የምትኖረው ብሬንትዉድ፣ ሜሪላንድ። ብሬንትዉድ ግሪንቤልት ባለችበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ፣ ከእህቴ ቤት በመኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ብትሆን ነው። ማጊ ዋሽንግተን ውስጥ ባለቤታቸው ያልተገኘ ደብዳቤዎች በሚከማቹበት የፖስታ ክፍል በጸሐፊነት ትሠራ ነበር። ማታ ማታ ግን ጨዋታ ትቀርጽ ነበር፤ ምክንያቷም ፖለቲካ ነበር።

ማጊ የሄንሪ ጆርጅ ተከታይ ናት። የጆርጅ ትምህርት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ሰው በላቡ ያፈራው የራሱ ይሁን፤ መሬትን ግን ማንም አልፈጠረውም፤ ከተማ ሲያድግ የመሬቱ ዋጋ የሚወጣው በሁሉም ድካም ነውና ጥቅሙ ለሁሉም ይመለስ፤ ግብርም በዚያ ላይ ይጣል። ማጊ ይህን በስብከት ሰው እንደማይገባው ታውቅ ነበር። ስለዚህ “የባለመሬቱ ጨዋታ” የሚል ሰሌዳ ሠራች። ዙሪያውን የምትሽከረከርበት መንገድ፣ የምትገዛው መሬት፣ የምትከፍለው ኪራይ፣ የምትገባበት እስር ቤት፣ ሁሉም አለ። አንደኛው ማዕዘን ላይ እናት ምድር ትገኛለች፤ አንድ ዙር የጨረሰ ሰው በእሷ ላይ እንደደከመ ተቆጥሮ 100 ዶላር ደመወዝ ይቀበላል። ዛሬ ልጆች ሞኖፖሊ ላይ መነሻውን ሲያልፉ የሚወስዱት ገንዘብ ከዚያ የመጣ ነው። እናት ምድር ስሟ ጠፋ፤ ብሩ ብቻ ቀረ።

ማጊ እየቆየች ለዚያ ሰሌዳ ሁለት ዓይነት ሕግ አበጀችለት። በአንደኛው ሕግ ኪራይ ለመሬቱ ባለቤት ይገባል፤ ጨዋታው የሚያበቃው አንዱ ሁሉንም ሲጠቀልል ነው። በሁለተኛው ሕግ የመሬት ኪራይ ወደ ጋራ ካዝና ይገባል፤ ሀብት ሲፈጠር ሁሉም ይደርሰዋል። ሁለቱንም ተጫወቱና የትኛው እንደሚሻል ራሳችሁ ፍረዱ፣ ነበር ሐሳቧ። ያው ሰሌዳ፣ ያው ዳይስ፣ ያው ሰዎች፤ ሕጉ ሲለወጥ ግን አንዱ ጠላት፣ ሌላው ጎረቤት ያደርግሃል።

ጨዋታው በእጅ እየተሣለ ከቤት ወደ ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ። ሠላሳ ዓመት ከቆየ በኋላ ቻርልስ ዳሮ የተባለ ሰው ከወዳጆቹ የተማረውን ጨዋታ የራሱ ፈጠራ አድርጎ ለፓርከር ብራዘርስ ሸጠ። ኩባንያው የማጊን ፓተንት በ1935 በ500 ዶላር ገዛ፤ ከሽያጩ የሚታሰብላት ድርሻ ግን አልነበረም። ሞኖፖሊ ዓለምን ሲያዳርስ ሁለተኛው ሕግ ሳጥኑ ውስጥ አልገባም። ማጊ በ1948 አረፈች። እውነቱ በሰፊው የወጣው ራልፍ አንስፓክ የተባለ የኢኮኖሚክስ መምህር በ1970ዎቹ ፍርድ ቤት ቆሞ የጨዋታውን ሥር ሲቆፍር ነው።

ኪራይ ያለ ልክ ሲከማች ምን እንደሚያደርስ ለማስጠንቀቅ የተፈጠረ ጨዋታ፣ ግማሽ ሕጉ ሲቀነስበት ኪራይ መሰብሰብን የሚያስተምር ሆነ። ያንን የሚያህል ኪሳራ በጨዋታ ታሪክ ውስጥ አላውቅም።

ኅብረት ሱቅ

ጋሼ መጀመሪያ ግሪንቤልት የመጡ ቀን ሩዝቬልት ሴንተር ወሰድኳቸው። ከድንጋይ የተጠረበችውን የእናትና ልጅ ሐውልት አዩ፤ ከ1938 ጀምሮ ያለውን ሲኒማ ቤት አዩ። ከዚያ ነዋሪው በአባልነት የሚያስተዳድረው ሱፐርማርኬት ውስጥ ገባን። ስለ አባልነቱ፣ ስለ ድርሻው፣ ስለ ድምፅ አሰጣጡ ስነግራቸው ቆም ብለው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። “ይኼማ ኅብረት ሱቅ ነው” አሉ።

ነው። የከተማይቱ አመጣጥም ከሞኖፖሊው ታሪክ ጋር በአንድ መምህር በኩል ይገናኛል። የማጊን ጨዋታ ከወደዱት መካከል በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተምር የነበረው ስኮት ኒሪንግ ይገኛል። የሄንሪ ጆርጅ ተከታዮች በዴላዌር ግዛት በመሠረቷት በአርደን መንደር ይኖር ነበር፤ ጨዋታውንም ለማስተማሪያ ተጠቅሞበታል። ከኒሪንግ ተማሪዎች አንዱ ሬክስፎርድ ተግዌል ነው። ይኸው ተግዌል በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን የሰፈራ አስተዳደሩ ኃላፊ ሆኖ ግሪንቤልትን አሠራት። የመሬቱ ምንጣሮ የተጀመረው በ1935 ነው፤ ፓርከር ብራዘርስ የማጊን ፓተንት በገዛበት በዚያው ዓመት። አንደኛው ሕግ በሳጥን ታሽጎ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ የሁለተኛው ሕግ ዘመድ የሚመስል ነገር በሸክላና በሲሚንቶ ሜሪላንድ ላይ ይገነባ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች በ1937 መኸር ገቡ። 885 ቤት ነበር። መሬቱ እየተሸነሸነ አልተቸረቸረም፤ በመንግሥት እጅ ሆኖ ታቀደ። ልጆች መኪና መንገድ ሳያቋርጡ ትምህርት ቤትና ገበያ እንዲደርሱ የእግረኛ መተላለፊያ ከአስፋልቱ በታች ተሠራላቸው፤ የእህቴ ልጆች ዛሬም በዚያው እየሮጡ ያልፋሉ። መንግሥት በ1952 ቤቶቹን ሲሸጥ የገዛው የነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ዛሬ 1,600 ቤት ያስተዳድራል። የእህቴ ቤት ከእነሱ አንዱ ነው። አባል ድርሻና የመኖር መብት አለው፤ ሕንፃውና መሬቱ የማኅበሩ ነው።

ያም ሆኖ ያ ውብ ሕግ ሲጀመር አንድ አስቀያሚ አንቀጽ ነበረው፦ ጥቁር ቤተሰብ አይገባም። ከተማይቱን ሲገነቡ የዋሉ ጥቁር ሠራተኞች እንዲኖሩባት አልተፈቀደላቸውም። የጨዋታ ሕግ ሲባል የሚረሳው የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው፤ ማን ይጫወታል የሚለው። ዛሬ የኛ ልጆች በዚያ ሳር ላይ ሲቦርቁ ሳይ ያን መስመር የፋቁትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

ይህን ሁሉ ያን ቅዳሜ ቡናው ሲቀዳ ተረክሁላቸው። ጎረቤታችን እትዬ ሁለተኛውን እየጠጡ ነበር።

“አባቴ ትርፍ ቤት ተብሎ ሁለት ቤት ተወርሶበታል” አሉ ጋሼ። “በሐምሌ 67። ቁልፉን ለቀበሌ አስረክቦ ሲመለስ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረ።”

እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። “እኔ ደግሞ ያደግኩት በተወረሰ ቤት ነው። እናቴ በየወሩ መጨረሻ ከአከራይ ተደብቃ የምትውል ሰው ነበረች። ኪራዩ ሲቀነስላት መጀመሪያ የገዛችልኝ ጫማ ነው።”

ዝም ተባለ። “መሬት ለአራሹ” ብለው ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. ሰልፍ ከወጡበት ቀን አንሥቶ፣ የገጠሩ መሬት በየካቲት፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. እስከታወጀበት ድረስ ያለው ታሪካችን በሁለት ሲኒ ቡና መካከል ተቀምጧል። ማጊ ሁለቱን ሕግ በየተራ ተጫወቱት ያለችው ለካ ለዚህ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሕግ ያጣውን፣ ሌላው በዚያው ሕግ ያገኘውን ጎን ለጎን የሚያዩበት ሰሌዳ ያስፈልጋቸዋል። ጋሼ ስኳሩን ወደ እትዬ ገፋ አደረጉት።

ተራ የሌለው ጦርነት

የእህቴ ልጅ ጆሮውን ጥሎ ኖሮ “እኛስ የራሳችን ጨዋታ አለን?” አለ።

አለን። ሰንጠረዥ አለን። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ መጫወታቸው ተመዝግቧል። ከ1800 በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ ጽፏል። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ መስመር የተሰፋበት ጨርቅ ነበር፤ በቀላሉ የሚጠቀለል።

ሰንጠረዥን ከዓለሙ ቼዝ የሚለየው ግን መክፈቻው ነው። “ወረራ” ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፍጥነታቸው ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ዓይን የሌላውን እጅ እየተከታተለ፣ እጅ የራሱን ጦር እያሰለፈ። አንዱ ከሌላው የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ በተራ ይጫወታሉ።

የቪዲዮ ጌም ወዳጆች የጦር ስልት ጨዋታን ሁለት ወገን ያደርጉታል፤ እንደ ሲቪላይዜሽን በተራ የሚሄድና እንደ ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ ተራ የሌለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሯሯጥበት። ሁለቱም ላይ ብሩስ ሼሊ ሠርቷል፤ ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ በ1997 ሲወጣ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ነበር። የኛ አባቶች ግን ኤሌክትሪክ በሌለበት ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ላይ አጣምረውታል። ሩጫው መጀመሪያ፣ ማሰላሰሉ በኋላ። ይህን ለልጁ ስነግረው ጆይስቲኩን አስቀመጠው።

ሌላም አለው። በሰንጠረዥ ንጉሡ ተይዞ ማት መሆኑ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ፤ በማን ተያዘ የሚለው ይቆጠራል። በብርቱ ጠጠር ማት ማድረግ እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ በደካማው፣ በእግረኛው ሲሆን ይወደሳል። ማሸነፍን ከአሸናፊነት ወግ የሚለይ ሕግ ነው። ዛሬ ቼዝ የሚጫወት ኢትዮጵያዊ ሞልቷል፤ የሚጫወተው ግን የዓለሙን ነው። ጨርቁ ቢገኝ እንኳ ወረራውን የሚያውቅ እጅ ማግኘት ይከብዳል።

ገበጣም ያንኑ መንገድ ይዟል። በየአካባቢው የተለያየ ነው፤ ሁለት ረድፍ አለ፣ ሦስት ረድፍ አለ፤ የጉድጓዱ ብዛት፣ የሚበላበት መንገድ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ባያሳትም ኖሮ ብዙዎቹ ዛሬ በስም እንኳ ባልታወቁ ነበር። ታሪክ ጸሐፊ ጨዋታን እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ መመዝገቡ ትልቅ ውለታ ነው።

ተስፋም አለ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ በ2018 አወጣ፤ ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮ ናት የምታስሮጠው። ድብብቆሽ ለተጫወተ ኢትዮጵያዊ “ኩኩሉ” ሲባል “አልነጋም” የሚለው መልስ በራሱ አፉ ላይ ይመጣል። ይኸው ኩባንያ ገበጣንም በስልክ አምጥቶታል። እኔ ደስ ብሎኝ ተጫውቼዋለሁ። ነገር ግን ስልክ ሕጉን ያውቅልሃል፤ ስትሳሳት ያርምሃል፤ አይከራከርህም። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ እንኳ የምንወደው ነገር ከስክሪኑ ውጪ ያለው ነበር፤ “ተሸናፊ ይከፍላል”፣ “ያሸነፈ ይቀመጥ”፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ አሠልጣኝ። ሕግ የሚጠነክረው ሰው ሲሟገትበት ነው።

አርባ ስምንት ሽምብራ

እትዬ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በሰሃን ጥሬ ሽምብራ ይዘዋል።

“ቁጠሩ” አሏቸው ልጆቹን። “በየጉድጓዱ አራት፣ አራት።”

አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ አርባ ስምንት ሽምብራ። ሞኖፖሊው ተዘጋ፤ ምኒልክ ኮረብታቸው ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ጋሼ ከራሳቸው ረድፍ አንዱን ጉድጓድ አፍሰው አንዳንድ እያደረጉ ዘሩት። ጣታቸው አልተጠራጠረም። የመጨረሻዋ ሽምብራ ሽምብራ ካለበት ጉድጓድ ስትወድቅ ያን ሁሉ አፍሰው ቀጠሉ፤ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ።

“አለቀ፤ ያንቺ ተራ።”

“እንዴት አለቀ?” አሉ እትዬ። “ባዶው ያንተ ወገን ነው። ፊት ለፊት ያለውን ትበላለህ እንጂ!”

“ባዶ ላይ ከወደቀ ያበቃል። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው።”

“እኛ ዘንድ ይበላል።”

እንዲህ ቢጫወቱ ጋሼ ይጠቀሙ ነበር፤ እትዬ የሚሟገቱት በራሳቸው ላይ መሆኑን ስረዳ ልቤ ሞቀ። ለመብላት አይደለም ክርክሩ፤ ለሕጉ ነው። እናታቸው ደጃፍ ላይ፣ አፈር ላይ በተጫረ ጉድጓድ ያስተማሯቸውን ሕግ ነው የያዙት። ጋሼም የሚከራከሩት ያንኑ ይዘው ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ያችው ኪራይ ሰብሳቢ፣ የአማርኛ ትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ መጣች። “ሁለቱንም ልጻፈው?” አለች። ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈች። በአንዱ ገጽ “የጋሼ ሕግ”። በሌላው ገጽ “የእትዬ ሕግ”። የማጊ ሁለተኛ ሕግ ከሳጥኑ ሲቀር እንዲህ የጻፈ ልጅ አጠገቡ አልነበረም።

የመጀመሪያውን በጋሼ ሕግ፣ ሁለተኛውን በእትዬ ሕግ ለመጫወት ተስማሙ። የጎረቤት ልጅ ዕንባውን ጠርጎ ከእትዬ ጎን ተቀመጠና ሽምብራ ይቆጥርላቸው ጀመር።

እኔ ለልጆቻችን የምመኘው ይኼን ነው፤ የፈረንጁን ጨዋታ ትተው ወደኛው ይመለሱ አልልም፤ ምኒልክን በስክሪን ያንግሡ፣ ሞኖፖሊንም ይግዙ ይሽጡ። ግን ማንም ሰው በዚህ ሳምንት አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ዘንድ ሄዶ “እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?” ብሎ ይጠይቅ፤ የተለያየ መልስ ሲያገኝ አንዱን ልክ፣ ሌላውን ስሕተት አያድርግ፤ ሁለቱንም ይጻፍ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጫወት።

ሲመሽ ጨዋታው አላለቀም። ጋሼ ካፖርታቸውን ለበሱ፤ እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ። እህቴ ገበጣውን ለመስቀል አነሣችና ቆመች። ምስማሩን አየች፤ ሽምብራው የሞላባቸውን ጉድጓዶች አየች።

“እንዳይደፋ” አሉ ጋሼ ከበሩ። “ተራው የእትዬ ነው።”

ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።